አራት ጣት ትርፍ

ሥራ በጀመርሁ ቀን የአንድ መምህር ሱሪ አቃጠልሁ።

ከስማዳ ተነሥቼ ንፋስ መውጫ የገባሁት ልብስ ስፌት ልማር ነው። የተቀበሉኝ ሰውዬ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ገበያው ዳር ሁለት የእግር ስፌት መኪና የያዘች ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ጠዋት እንደገባሁ የከሰል ካውያውን ሰጡኝና «መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለህ፤ ካውያው ከላይ ነው» አሉኝ። እኔ ጨርቁን ረሳሁት። ጭስ ሲነሣም ሥራው እንዲህ መስሎኝ ዝም ብዬ መተኮሴን ቀጠልሁ።

«አንተ ልጅ! ሱሪ ሰጠሁህ እንጂ ሥጋ ሰጠሁህ?» ብለው ከመኪናው ላይ ዘለው ተነሡ።

የተቃጠለውን ሱሪ አጥፈው አስቀመጡ። መምህሩን ራሳቸው ይቅርታ ጠይቀው ከራሳቸው ጨርቅ ሌላ ሰፉለት። ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከአያያዝ ይቀደዳል። ነገ ስትመጣ ቀስ ብለህ ያዝ»። «ነገ» የምትለዋን ስሰማ እንባዬ መጣ። አባረሩኝ ብዬ ነበራ!

ያኔ በስፌት ቤት ማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ ካውያ ትይዛላችሁ። ከዚያ ቁልፍ ትተክላላችሁ። ከዚያ ቅምቀማ፣ ማለት የቀሚስ ዘርፍና የሱሪ እግር አጥፋችሁ በእጅ መስፋት ነው። ቅምቀማው ሲጠራ መኪና ላይ ትወጣላችሁ። መቀስ ግን የሁሉ መጨረሻ ነው። የሰፋችሁትን ስፌት ብትስቱ ተፈትቶ ይሰፋል፤ የቆረጣችሁትን ጨርቅ ማን ይቀጥለዋል? ስለዚህ «ቆራጭ» የሚባለው ሰው እንደ መሪጌታ ይከበር ነበር።

እኔ ቅምቀማ ላይ ሳለሁ ትርንጎ መጣች።

የእስቴ ልጅ ናት። ከመካነ ኢየሱስ የመጣችው ንፋስ መውጫ ያሉትን አክስቷን ልትጠይቅ ነው። አክስቷ እኛ ዘንድ ያሰፉትን ቀሚስ ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ይህን የቀመቀመ ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልሁ፣ ልታመሰግነኝ መስሎኝ።

«እጅህን ያምሃል?»

«የለም፤ ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያማ ዓይንህን ነው።»

ጋሽ ሰይድ ሳቃቸውን ሊይዙት አልቻሉም። እሷ ግን አልሳቀችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ መርፌ ተቀበለችኝ፤ የኔን ቅምቀማ እዚያው ፈትታ ከዳር እስከ ዳር በእጇ ቀመቀመችው። ስትጨርስ ክሩ ከፊት በኩል አይታይም። ስትወጣ «አሁን እየው» ብላኝ ሄደች። አየሁት። እሷንም አየኋት።

«ይህችን ካላገባህ ሞኝ ነህ» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «ካገባሃት ደግሞ ዕድሜ ልክህን ስትታረም ልትኖር ነው። ምረጥ።»

መረጥሁ። ሽማግሌ ተላከ፤ ጋሽ ሰይድም አንዱ ሽማግሌ ሆነው እስቴ ወረዱ። የሁዳዴ ጾም ስለነበረ ማዕዱ ሽሮና ተልባ ነው፤ የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ የሚል ጣጣ ሳይመጣ ሁሉም ካንድ ገበታ በላ። ጋሽ ሰይድ ይህን ነገር እስኪሞቱ ድረስ ያነሡት ነበር፤ «ልጅቱን በተልባ ነው ያመጣንልህ» እያሉ።

ከተጋባን በኋላ የራሳችንን ሱቅ ከፈትን። ጋሽ ሰይድ አንደኛዋን አሮጌ መኪና መርቀው ሰጡን፤ ሌላዋን ቆይተን ገዛን። በሩ ላይ «ምስጋናው ልብስ ስፌት» ብዬ በቀለም አጻፍሁ። ምስጋናው እኔ ነኝ።

አሁን ለሙያ ጓደኞቼ ሳልነግር የኖርሁትን ልንገራችሁ። እኔ መቀስ አልችልም። ስፌት ላይ ማንም አያህለኝም፤ መኪናዋ ላይ ተቀምጬ ፔዳሉን ስረግጥ ቀጥ ያለ መሥመር እስከ ደብረ ታቦር እሰፋለሁ። ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ መቀስ ስይዝ ግን እጄ ይፈራል። ትርንጎ አትፈራም። ማን አስተማራት? የአባቷን አሮጌ ኮት ልጅ ሳለች ስፌቱን ፈትታ፣ ክንዱን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ መደብ ላይ ዘርግታ ስታየው ገባት። መልሳም ሰፋችው። አባቷ መፈታቱን እንኳ አላወቁም።

ታዲያ በዚያ ዘመን የጋይንት ገበሬ በሴት ተለክቶ፣ በሴት ተቆርጦለት ሱሪ ሊለብስ? አይሞከርም። ስለዚህ እኔ ሜትሩን ይዤ እለካለሁ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እሷ ጥግ ላይ ቁልፍ የምትተክል መስላ ትሰማለች። ሰው ሲገባ መቀሱ እኔ እጅ ነው። ሰው ሲወጣ እሷ እጅ ነው። ጨርቁን ትዘረጋለች፤ በሳሙና ስባሪ ታሰምራለች፤ ከዚያ ሸርጭ ሸርጭ። እንዲህ እያለ ዝናው ወጣ። «ቆራጭ ቢሉ ምስጋናው!» ተባለ። ከስማዳም ከእስቴም ሰው ይመጣ ጀመር።

እኔስ ምን አልሁ? ምንም። ስሙ ጣመኝ። ብዙ ጊዜ ማታ ራት ላይ «ነገ እነግራቸዋለሁ» እላታለሁ። «ተወው እባክህ፣ ልብሱ ልካቸው ይሁን እንጂ» ትለኛለች። እኔም ተውሁት። መተው ቀላል ነው።

የአያ ደምሴን ኮት ሳልነግራችሁ አላልፍም። አያ ደምሴ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ኮት ሊያሰፉ መጡ። ብርድ ነበረ። የንፋስ መውጫን ብርድ የማያውቅ ስሙን ጠይቆ ይረዳው። ጋቢዎን ያውልቁ ብላቸው «ልትገድለኝ ነው?» አሉ። አፈርሁና በጋቢያቸው ላይ ለካኋቸው። ትርንጎ ዕለቱን ልጅ ታማባት ቤት ናት፤ አላየችም። በነገርኋት ቁጥር ቆረጠች፤ እኔ ሰፋሁ።

በሠርጉ ዋዜማ አያ ደምሴ ኮቱን ለብሰው ገበያ መሀል፣ ከሱቃችን ፊት ለፊት ቆሙ። አንድ ሰው ይጨምራል።

«አንተ ሰፊው! ለእኔና ለበሬዬ ነው የሰፋኸው?»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ትርንጎ ከጥጓ ተነሣችና «አያ ደምሴ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለቻቸው። ስለ ልጃቸው ሠርግ፣ ስለ ሙሽራው ዘመድ፣ ስለ ገብሱ እያወራች አጫወተቻቸው። ሲሞቃቸው በትከሻቸው ጣል ያደረጉትን ጋቢም ኮቱንም ራሳቸው አወለቁ። እኔ ቶሎ ብዬ ለካሁ። እሷ የኮቱን ጎንና ጎን ፈትታ ወደ ውስጥ አጠበበችው። ትርፉን ልቆርጠው መቀስ ሳነሣ እጄን መታችኝ።

«አይቆረጥም። ውስጥ ይቀመጥ። ሰውዬው ነገ ቢወፍሩስ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ጋቢውን ራሱ እስኪያወልቅ ማጫወት የሱቃችን ደንብ ሆነ።

በባልና በሚስት መካከል ጠብ የተነሣው በትርፍ ጨርቅ ነው። ስፌት የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጨርቁን ገዝቶ ያመጣል፣ ከቆረጣ የተረፈው የሰፊው ነው። የጥንት ልማድ ነው። እኔ ከዚያ የልጆች ቆብ እየሰፋሁ አወጣ ነበር። ትርንጎ ግን በመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ስትቆርጥ ትርፉን ሁሉ እዚያው ልብሱ ላይ ትተወዋለች። ከጉርዱ ዘርፍና ከሱሪው እግር ላይ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፋለች።

«የእኛን ቆብ እኮ ነው የምታጥፊው!» አልኋት አንድ ቀን ተናድጄ።

«ልጅ ያድጋል። ጨርቅ አያድግም።»

«ሲያድጉ ሌላ ያሰፉ! እኛስ ሥራ አንፈልግም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «በሚቀጥለው ዓመት የሚያሰፋ ያለው ይመጣል። የሌለውስ ልጁን ከትምህርት ያስቀር?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካንድ ባሕር ተቀድተናል ይባላል እንጂ እሷ ከጥልቁ፣ እኔ ከዳሩ ነኝ።

ይህን የምናገረው ለእናንተ ለወጣት ሰፊዎች ነውና ቅምቀማዋን ልግለጽ። ሜትር አትይዝም፤ በግራ እጇ ጣቶች ትለካለች። ሌባ ጣቷን ልጅ ሳለች ማጭድ ቆርጧት ቀጥኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ የሷ አራት ጣት በእኔ ሦስት ተኩል ነው። ክሩን ድርብ ታደርጋለች። ቋጠሮውን ከውስጥ፣ ከጎን ስፌቱ አጠገብ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ታኖረዋለች። ቋጠሮውን ቆርጣችሁ ክሩን ብትስቡት ሳይበጠስ እስከ ዳር ይመጣል። ለምን እንዲህ ትደክሚያለሽ ስላት «የሚፈታውን ሰው አስቤ ነው» አለችኝ። የሚፈታው እኔ እንደምሆን አላወቅሁም።

አንድ ልጅ አለችን፤ ብርቱካን ትባላለች። ትርንጎ ያወጣችው ስም ነው። ሰፈሩ «ቤቱን የፍራፍሬ ሱቅ አደረጉት» ብሎ ይስቅብናል። ብርቱካን አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እናቷ ታመመች።

የጉበት ነው አሉን። ደብረ ታቦር ሄድን፤ ጎንደር ሄድን፤ ጠበል ወሰድኋት። ያን መስከረም የተማሪውን ልብስ ሁሉ የቆረጠችው ጎኗን በመቀነት አጥብቃ አስራ ነው። ኅዳር ላይ አልጋ ያዘች። ከዚያ ወዲያ ብርቱካን አልጋው ጫፍ ትቀመጥና ባለፈ ዓመት ካላንደር ወረቀት ላይ እናቷ እንዳለቻት ታሰምራለች፤ ትቆርጣለች። «ብብቱን አስፊው። ልጅ እጁን ያነሣል እኮ» ትላታለች። እኔ ሕመሟን ለማስረሳት የሚጫወቱ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱንም ጠርጌ እሳት ውስጥ እከተው ነበር። አዬ እኔ!

ሰኔ ላይ ዐረፈች። ከማረፏ በፊት እጄን ይዛ «መስከረም ሰው ይበዛባችኋል» አለችኝ። ሕመሙ ነው የሚያናግራት ብዬ «እሺ» አልኋት።

አርባዋ ወጣ፤ ሱቁን ዘጋሁ። ሰው ሐዘኑ ነው አለ። ሐዘኑስ ሐዘን ነው፤ የትርንጎ በርጩማ ባዶውን ሳየው ልቤ ይቆረጣል። ነገር ግን እውነቱ ሌላ ነው፤ ፍርሃት ነው። ሰው ጨርቅ ይዞ ቢመጣ ማን ሊቆርጥ ነው? በስተርጅና «ቆራጩ ምስጋናው መቀስ አያውቅም» ሊባል ነው። ስለዚህ መኪኖቹን ሸጬ ስማዳ ወንድሜ ዘንድ ልገባ ቆረጥሁ። ከደብረ ታቦር አንድ ነጋዴ ቅዳሜ መጥቶ ሊጭናቸው ተስማማን።

ብርቱካን አለቀሰች። «አባዬ፣ እኔ እቆርጣለሁ።»

«በካላንደር ወረቀት ሱሪ አይሰፋም፣ ልጄ።»

«እማዬም የጀመረችው የአባቷን ኮት ፈትታ ነው!»

«በቃ ብያለሁ!» ብዬ ጮህሁባት። በእናቷ ፊት አንድ ቀን ጮኼባት አላውቅም።

መስከረም ገባ። ነጋዴው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መኪኖቹን ልጠርግ ሱቁን ከፈት አደረግሁ። አንዲት ጎረቤት የልጇን ሰማያዊ ጉርድ ይዛ ገባች።

«ምስጋናው፣ ልጅቱ ጉልበቷ ወጣ። አራቷን ጣት ፍታልኝ።»

«ተዘግቷል እኮ፣ እታለም። ሥራ ትቻለሁ።»

«እኔ ሥራ አልሰጠሁህም» አለች ኮስተር ብላ። «ትርንጎ ያስቀመጠችልኝን ስጠኝ ነው ያልሁህ።»

ጉርዱን ተቀበልኋት። ገለበጥሁት። ቋጠሮው ከጎን ስፌቱ አጠገብ፣ ከቦታው አለ። በምላጭ ቆረጥሁና ክሩን ሳብሁ። ሳይበጠስ እየተከተለኝ መጣ፤ ዞሮ ዞሮ እጄ ላይ አለቀ። እጥፉ ወረደ። የላይኛው ጨርቅ ዓመቱን ሙሉ በፀሐይና በሳሙና ነጥቶ ግራጫ መስሏል። ከውስጥ የወጣው ግን ሰማያዊ ነው፤ ትናንት ከጣቃው የተቆረጠ ይመስላል። ጣቶቼን ደርድሬ ብለካው ሦስት ተኩል ሆነ።

እዚያው ጉርዱን ታቅፌ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ሴትዮዋም አብራኝ አለቀሰች። ብርቱካን ከጓዳ ወጥታ ጉርዱን ከእጄ ወሰደች። ከሰል አቀጣጠለች። የእጥፉን መሥመር ለማጥፋት መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ አለበሰችው፤ ከዚያ ካውያውን አሳረፈችበት። ሁለት ጣት አወረደችና ሁለቱን መልሳ ቀመቀመች፤ ለሚመጣው ዓመት። ቋጠሮውን የት እንዳኖረችው ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ዐርብ ጠዋት በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ። እናት ብትሉ፣ አባት ብትሉ፣ ሁሉም ያምና ዩኒፎርም ይዟል። ሁሉም «አራቷን ጣት» ነው የሚለው። እኔ እፈታለሁ፣ ብርቱካን ትተኩሳለች፣ ትቀመቅማለች። መስከረም ሰው ይበዛባችኋል ያለችው ትዝ አለኝ። ያቺ ሴት ሕመም አልነበረም ያናገራት። ሥራ አስቀምጣልን ነው የሄደችው።

ቅዳሜ ነጋዴው በአይሱዙ መጣ። ያንኑ ሰዓት አያ ደምሴም የሱሪ ጨርቅ በክንዳቸው ይዘው ገቡ። የለበሱት ያን ኮት ነው። ወፍረዋል፤ ትርንጎ በመሀል አንድ ጊዜ ጎኑን ለቃላቸው ስለነበር አሁንም ልካቸው ነው። «የመጨረሻዋን ልጄን ልድር ነው። ሱሪ ቁረጥልኝ» አሉ።

ነጋዴው አንድ እጁን ስፌት መኪናዋ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ብርቱካን ታየኛለች። ያን ጊዜ አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

«አያ ደምሴ፣ እኔ ቆራጭ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የእርስዎን ኮት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ያዳነችው ትርንጎ ናት። የዚህን አገር ልብስ ሁሉ የቆረጠችው እሷ ናት።»

አያ ደምሴ ምንም አልገረማቸውም። «ታዲያ ይህ ምኑ ወሬ ነው?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«አንተ ቁጥር እየጠራህ ስትጮህ ያቺ ሴትዮ ከጥጓ ሆና በዓይኗ ትለካኝ ነበር እኮ። ገበያው ሁሉ ያውቃል።»

«ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ካንተ አፍ ይውጣ ብለን ነዋ።»

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። አገር ሙሉ ሲጠብቀኝ ኖሯል፤ እሷም ሳትጠብቀኝ አልቀረችም። ቃሉን ስናገር እሷ ብቻ አልነበረችም። ሙያተኛ ያጠፋውን ስፌት ይፈታል፤ ይህ ግን የማይፈታ ነው። ያም ሆኖ አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ሜትሩን ከአንገቴ አውልቄ ለብርቱካን ሰጠኋትና «ለኪያቸው» አልኋት።

አያ ደምሴ ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ማንም ሳያጫውታቸው፣ በዚያ ብርድ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ አሸከሙኝና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«በይ እንግዲህ፣ የትርንጎ ልጅ» አሉ።

ነጋዴው መኪና ሳይጭን ሄደ። አኩርፎ አይደለም፤ የሸሚዙ ክርን ተቀዶ ስለነበር ሰፋሁለት፣ መርቆን ሄደ።

አሁን የምሠራው ካውያ ነው፤ ከጀመርሁበት ተመለስሁ። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ፣ ሲጠፋ በከሰል እተኩሳለሁ። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስፍቄ «ትርንጎ ልብስ ስፌት» አስብያለሁ። ቆራጯ ብርቱካን ናት። ወንድ ሴት ሳትል ትለካለች፤ ጋቢ ለባሹን ማጫወትም ታውቅበታለች፣ እንዲያውም ታበዛዋለች። የሷ ጣቶች ደኅና ስለሆኑ እጥፉ ከእናቷ ይሰፋል። አበዛሽው ስላት «የዛሬ ልጆች ቶሎ ያድጋሉ፣ አባዬ» ትለኛለች።

የትርንጎ እጥፍ እየመነመነ ነው፤ ዘንድሮ ጥቂት ብቻ መጡ። ሲመጡ ግን ክሩን የምስበው እኔ ነኝ፤ ለማንም አልሰጥም።

ለሙያው ልጆች የማወርሰው ይኸው ነው። የልጅ ልብስ ስትቆርጡ አራት ጣት ተዉ። ስትቀመቅሙ የሚፈታ አድርጋችሁ ቀምቅሙ። የቆረጠውን ሰው ስም ደግሞ እሱ እየሰማ ጥሩ።